የዳማ ጠብታ

ከመናኸሪያ ያመጣችኝ ባጃጅ የላሊበላን ዳገት ስታጋምስ ትንፋሿ ተቆረጠ። ሾፌሩ ወርዶ የኋላ ክዳኗን ከፈተና ጭሱ ፊቱን ሲገርፈው «ይኸው፣ ዛሬም ዘይቷን ተፋችው!» ብሎ ጎማዋን በእርግጫ አላት። ወደ እኔም ዞሮ «ይቅርታ እታለም፣ አንዴ ትብረድልኝ» አለኝ። እኔ ግን በደንብ አልሰማሁትም። የተቃጠለ የሞተር ዘይት ሸቶኛል፤ ትኩስ ብረት ላይ ጠብ ብሎ የሚጨስ ዘይት። ሰው የእናቱ ወጥ ሲሸተው ልጅነቱ ይመጣበታል ይላሉ። የእኔ በዚህ ሽታ ነው የሚመጣው፤ ሲመጣም ጓዙን ይዞ ነው፣ ቶሎ አይሄድም።

ዐሥር ዓመቴ ነበር። ከጥምቀት በኋላ እስከ ፋሲካ ያለው ጊዜ ነው፤ አቧራው ቁርጭምጭሚት የሚውጥበት፣ ሁዳዴ ገብቶ የትልቅ ሰው ሁሉ ከንፈር የሚደርቅበት።

አባቴ ሞላ የከብት ክትባት ሠራተኛ ነበር። ገበሬው ግን «ዶክተር» ነው የሚለው፤ እኔም ዶክተርነቱን አልጠራጠርም። እንዲያውም የሰው ሐኪም ማለት ከብት ማከም አቅቶት የተባረረ ሰው ይመስለኝ ነበር። ሰው የሚያመውን ይናገራል፤ ላም ግን ምን ትላለች? አባቴ ሳይነገረው ያውቃል። ታዲያ ይህን የሚያህል ዶክተር ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ግቢያችን ውስጥ ተንበርክኮ ከአንዲት አሮጌ ሞተር ሳይክል ጋር ሲታገል ሳይ ግራ ይገባኝ ነበር።

ሞተር ሳይክሏ የቢሮው ናት። ከእሱ በፊት አራት ሰው ጋልቧታል። ስትመጣ ቀይ ነበረች ይባላል፤ እኔ ሳውቃት ግን ቀለሟ ወደ አፈር ሄዷል። አባቴ ድሮ ቤታቸው በነበረችው በቅሎ መልክ «ዳማ» ይላታል። ዳማ በቀኝ ጎኗ ዘይት ታንጠባጥባለች። እዚያ ጎኗ ላይ በስምንት ቡሎን የታሰረ ክዳን አለ፤ ክዳኑና ሆዷ በሚገጥሙበት ቦታ ዘይት እንዳያልፍ በመሐል የሚገባው ስስ ነገር ጓርኒሲዮን ይባላል። ያለቀው እሱ ነበር። አባቴ እንዲህ ነው ያስረዳኝ፦ «ሁለት ብረት ብቻቸውን አይስማሙም ትርንጎ። ምንም ብታጠብቂያቸው ይፋጫሉ እንጂ አይገጥሙም። መሐላቸው ለስለስ ያለ ሽማግሌ ይፈልጋሉ።»

እውነተኛው ጓርኒሲዮን ከደሴ ይመጣል ከተባለ ወራት አልፈዋል። እስከዚያ አባቴ ከሳሙና ካርቶን እየቆረጠ ያበጅላታል። የቸገረው እርጉዝ ያገባል። ካርቶኑ ሦስት ቀን ይይዝና በአራተኛው ዘይት ጠጥቶ ይበሰብሳል፤ ከዚያ እንደገና መንበርከክ፣ መፍታት፣ መፋቅ፣ መቁረጥ፣ መግጠም። አባቴ በጾም ቀኑን ሙሉ ገደል ለገደል ዞሮ፣ እህል የቀመሰው ገና አሁን ነው፤ የቡሎን መፍቻ ቁልፉን ሲይዝ እጁ ይንቀጠቀጣል። የእኔ ሥራ የተፈቱትን ቡሎኖች በቲማቲም ቆርቆሮ ይዞ መቁጠር ነበር።

«ስንት ናቸው፣ የቡሎን ሹሟ?» ይለኛል።

«ስምንት።»

«አንዱ ቢላላ?»

«ዘይቷ ይሄዳል።»

«ዘይቷ ከሄደስ?»

«ዳማ ትሞታለች።»

ይህን ሁሉ አውቅ ነበር ማለት ነው። አላውቅም ነበር ብዬ ማምለጥ አልችልም።

ግን እውነቱን ልናገር፣ ጠብታውን እወደው ነበር። ከትምህርት ቤት ስወጣ ዓይኔ መሬት ላይ ነው። አቧራው ላይ ሳንቲም የምታህል ጥቁር ጠብታ ካየሁ አባቴ በዚያ አልፏል። ጠብታዋ ወደ ላይ ከታጠፈች ቢሮ ነው፤ ወደ አሸተን ማርያም መውጫ ከሄደች ገበሬዎቹ ጋ ነው፤ ወደ ቤታችን ከዞረች ደግሞ እሮጣለሁ። በዚያው ዓመት የጓደኛዬ የዘርፌ አባት፣ የጭነት መኪና ረዳት የነበረው፣ «ሥራ ልሂድ» ብሎ እንደ ወጣ ቀርቷል። ዘርፌን «የአባትሽ መኪና ያንጠባጥብ ነበር?» ብዬ ጠየቅኳት። «እንጃ፣ አይመስለኝም» አለች። «አየሽ፣ ጥፋቱ እሱ ነው» አልኳት። አልቅሳ ሄደች። ለምን እንዳለቀሰች አልገባኝም፤ መፍትሔ የነገርኳት መስሎኝ ነበር።

ከአጥራችን ማዶ የኔታ ይኖራሉ። ፊደል ያስቆጠሩኝ እሳቸው ናቸው፤ እንጀራቸው ግን ብራና መፋቅ ነበር። የፍየል ቆዳ በእንጨት ወጥረው፣ እያራሱ፣ ስቡንና ጸጉሩን በስለት እየገፈፉ፣ በድንጋይ እየፈተጉ መጽሐፍ እስኪጻፍበት ድረስ ያነጡታል። ግቢያቸው ሁልጊዜ እርጥብ ቆዳ ይሸታል። ዕድሜ ልካቸውን ቆዳ ላይ አጎንብሰው ወገባቸው እዚያው ቀርቷል። ሲቆሙም «እመቤቴ»፣ ሲቀመጡም «እመቤቴ» ነው።

አንድ ቀን አባቴ ካርቶን ሲቆርጥ በአጥር አሻግረው አይተው «ልጄ ሞላ፣ ወረቀት ምን ጉልበት አለው? ቆዳ ለምን አትሞክርም?» አሉት።

«ኧረ የኔታ፣ ቅዱስ ነገር የሚጻፍበትን?»

«ያልተጻፈበት ቆዳ ቆዳ ነው። ፍየሏ እንደሆን ዳዊት አልደገመች።»

አባቴ ሲስቅ ከሰማሁት ቆይቼ ነበር፤ ያን ቀን ሳቀ።

የኔታ ከመጽሐፍ የተረፈ ቁራጭ አምጥተው ክዳኑ ላይ አነጠፉት። አባቴ በትንሽ መዶሻ ዳር ዳሩን ቀስ እያለ ሲመታ የብረቱ ጠርዝ ቆዳው ላይ መስመር አወጣ። የኔታ በዚያ መስመር ቆረጡት፤ የቡሎኖቹንም ቀዳዳ፣ ለጽሕፈት መስመር በሚያሰምሩበት ወስፌ በሱት። ዓይናቸው ስለ ደከመ በጣታቸው እየዳሰሱ ነበር የሚሠሩት፤ ስምንቱን ቀዳዳ የቆጠርኩላቸው እኔ ነኝ። ከዚያ ቆዳውን ዘይት ቀብተው ገጠሙት። አባቴ አንዱን ቡሎን ከላይ፣ ቀጥሎ ያለውን ከታች እያለ በየተራ አጠበቃቸው። ዳማ ተነሣች፣ ጮኸች፣ ግቢውን በጭስ ሞላችው። ከሥሯ ያነጠፍነው ወረቀት በማግስቱም ነጭ እንደሆነ ነበር።

አባቴ ወረቀቱን አገላብጦ አየና «ተመስገን፣ አሁን እሄዳለሁ» አለ።

እኔ ያን አነጋገር አልወደድኩትም። ከሳምንት ወዲህ ቤታችን ውስጥ የሆነ ነገር ነበር። እኔ ስገባ እናቴ ወሬዋን ታቋርጣለች። የአባቴ ጋቢ ያለ ቀኑ ታጥቧል። ስንቅ ተቋጥሯል፤ እሱን ስትቋጥር ደግሞ እናቴ በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ትጠርግ ነበር። ሐሙስ ዕለት ከግድግዳ ማዶ ሆኜ ሰማኋቸው።

«ስንት ቀን ትቆያለህ?»

«እግዜር ነው የሚያውቀው።»

«ለልጅቷስ ምን ልበላት?»

«ምንም አትበያት። ሥራ ሄደ በያት።»

እንግዲህ ነገሩ ይህ ነበር፤ ወገል ጤና ያለችው የአባቴ እናት በጠና ታምማለች። የሰው መታመም ለልጅ አይነገርም፣ ልጅ ይደነግጣል፣ ወሬም ያወጣል ተብሎ ከእኔ ተደበቀ። ለማዘን አቅም እንደሌለኝ ቆጥረውኝ ነው። እኔ ግን «ሥራ ሄደ» የሚለውን ከዘርፌ ቤት አውቀዋለሁ። የእኔም አባት ላይመለስ ሊሄድ ነው ብዬ ደመደምኩ፤ ደግሞም ለመጀመሪያ ጊዜ በማታንጠባጥብ ሞተር ሳይክል ነው የሚሄደው።

ዓርብ ከሰዓት አባቴ ለቅዳሴ ቤተ ክርስቲያን፣ እናቴ ውሃ ወርደው ነበር። የዐሥር ቁጥሩን ቁልፍ ከተጠቀለለበት ጨርቅ አወጣሁ። ሐሳቤ እንዳይሄድ ማድረግ አልነበረም፤ ይህን ማንም ባያምነኝ እኔ አውቀዋለሁ። ትንሽ እንድታንጠባጥብ ብቻ ነው የፈለግሁት፤ የሄደበትን ለእናቴ እያሳየሁ ተከትለን እንድናገኘው። ከታች ያሉትን ሁለት ቡሎኖች መረጥኩ። እምቢ ሲሉኝ ቁልፉ ላይ በሁለት እጄ ተንጠለጠልኩ። ከዚያ አንደኛው ጧ ብሎ ተላቀቀ። ግማሽ ዙር አዞርኩት፤ ምናልባት አይበቃ ይሆናል ብዬ አንድ ዙር ጨመርኩ። ሁለተኛውንም እንዲሁ። ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም ይባላል። እኔ ያቦካሁት ለስንቱ በቃ።

ቅዳሜ ጧት አባቴ ግንባሬን ስሞኝ ሄደ። ዳማ መታጠፊያው ላይ እንደ ተሰወረች ወደ መንገዱ ሮጥኩ። አንድ ጠብታ በራችን ላይ፣ አንድ መታጠፊያው ላይ፣ ከዚያ ከከተማው መውጫ እየተቀራረቡ፣ እያደጉ ሄዱ። ደስታዬ ወሰን አልነበረውም። ቤት ስመለስ እናቴ «ምን ያስቅሻል አንቺ?» አለችኝ። «ምንም» አልኳት። ያን ደስታ ዛሬ ሳስበው ያመኛል፤ ከጥፋቴ ይልቅ እሱ ያመኛል።

በአምስተኛው ቀን አንድ የጭነት መኪና በራችን ላይ ቆመ። ዳማ ከላይ በገመድ ታስራለች፤ አባቴ አጠገቧ ተቀምጧል፤ ጥቁር ለብሷል። እናቴ ወጥታ አየችውና ጮኸች፤ ጎረቤት ተሰበሰበ፤ እኔም አያቴ መሞቷን ከሰው ጩኸት ውስጥ ለቅሜ ሰማሁ። በኋላ እንደ ሰማሁት፣ ከጋሸና አልፎ ወደ ወንዝ በሚወርደው ቁልቁለት ላይ ዳማ ዘይቷን ጨርሳ ሞተሯ በግለት ተጣብቆ ቆመች። የመንግሥት ንብረት መንገድ ላይ ተጥሎ አይኬድም፤ እየገፋ ገበሬ ቤት አስጠግቷት በእግሩ ቀጠለ። በዚያ መንገድ የሚያሳፍር መኪና በየሰዓቱ አይገኝም። ወገል ጤና ሲደርስ ለቀስተኛው ከቀብር ሲመለስ አገኘው።

«ሞላ አልመጣም ወይ፣ ስትል ነበር አሉኝ» ይላል አባቴ። ለመጣው ሰው ሁሉ ይህችኑ ይደግማል። ሁሉን ነገር ቆጣሪዋ እኔ፣ ይህችን ስንት ጊዜ እንዳላት ግን አልቆጠርኩም።

ከሦስት ቀን በኋላ ዳማን ፈታት። ቆርቆሮውን ሰጠኝና ጠየቀኝ።

«ስንት ናቸው?»

«ስድስት።»

ከታች ያሉትን ሁለት ባዶ ቀዳዳዎች ረጅም ጊዜ አያቸው። «አጥብቄያቸዋለሁ» አለ። ቆይቶ «አጥብቄያቸዋለሁ መሰለኝ» አለ። በመጨረሻ ቁልፉን መሬት ላይ አስቀመጠና «እንጃ። እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር» አለ። ብራናውን አውጥቶ አጥሩ ላይ ጣለው።

እናቴ ግን በብራናው አመካኘች። «መጽሐፍ የሚሆን ቆዳ ብረት ሆድ ውስጥ መክተት! ድፍረታችን ነው!» ስትል አባቴ «ተይው፣ የእኔ እጅ ነው» ይላታል። ከዚያ በኋላ ምግብ ሲቀርብለት ይነካካዋል እንጂ አይበላም። ከሥራ ሲመለስ ደረጃው ላይ ተቀምጦ መዳፎቹን ያገላብጣል። አንድ ቃል ብናገር እጁ ነፃ እንደሚወጣ አውቃለሁ፤ እኔ ግን ቆርቆሮዬን ይዤ ወደ ጓዳ እገባለሁ። እናቴ «ዝም አይነቅዝም» ትል ነበር። የእኔ ነቀዘ።

ሌላ ሳምንት እንዲሁ አለፈና እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በራችን ተንኳኳ። ስከፍት የኔታ ናቸው። በዚያ በጎበጠ ጀርባቸው፣ አንገታቸው ላይ የወፍጮ መጅ የሚያህል ድንጋይ ተሸክመዋል። የበደለ ሰው ድንጋይ ተሸክሞ ማረኝ ሲል አይቻለሁ፤ አስተማሪ ሽማግሌ በልጃቸው ዕድሜ ላለ ሰው ሲያደርጉት ግን አላየሁም። አባቴ ከተቀመጠበት ተስፈንጥሮ ተነሣ።

«የኔታ! ኧረ በእመቤቴ! ምን ነካዎት? ያውርዱት!»

«ሳትምረኝ አላወርደውም» አሉ፤ ትንፋሻቸው እየተቆራረጠ። «ቆዳውን በደንብ ሳይደርቅ ነው የሰጠሁህ። እርጥብ ቆዳ ሲግል ይኮማተራል፤ እሱ ሲኮማተር ቡሎኑ ይላላል። አንተ አጥብቀሃል፤ አጠገብህ ቆሜ አይቻለሁ። እናትህን ያስቀረሁብህ እኔ ነኝ ልጄ።»

አባቴ ድንጋዩን በሁለት እጁ አነሣላቸውና እዚያው በሩ ላይ ቁጭ ብሎ አለቀሰ። ከመጣ ወዲህ ሲያለቅስ ያየሁት ያኔ ነው። «አጥብቄ ነበር ማለት ነው?» ይላቸዋል። «አጥብቀሃል» ይሉታል። ደግሞ ይጠይቃል፤ ደግሞ ይመልሳሉ። «ይቅር ለእግዚአብሔር» አላቸው፤ ጉልበታቸውን ሳመ። ያን ቀን አባቴ በላ። ድንጋዩን እናቴ የዳማ መቆሚያ መሬት ውስጥ እንዳይሰምጥ ከሥሩ አደረገችው።

ሁለት ቀን ቻልኩ። ማክሰኞ ከትምህርት ቤት ስመለስ ድንጋዩን ከዳማ ሥር አወጣሁት፤ ዳማ ዘመም አለች። አንገቴ ላይ አድርጌ በአጥሩ ዞሬ ወደ የኔታ ግቢ ገባሁ። መንገዱ ሃያ እርምጃ ቢሆን ነው፤ ሦስት ጊዜ አረፍኩ። የኔታ ቆዳ እየወጠሩ ነበር።

«ምን ይዘሽ ነው የመጣሽው?» አሉኝ፤ ዓይናቸው ደህና አያይም።

«ድንጋይ።»

እጃቸውን ዘርግተው ዳሰሱት፤ ከዚያ አንገቴን ዳሰሱ። የቆዳውን መወጠሪያ ገመድ ለቀቁት። ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ቁልፉን፣ ሁለቱን ቡሎኖች፣ ጠብታውን፣ የዘርፌን አባት። ከዚያ ገብተው ብራናውን ይዘው ወጡ። ከአጥሩ ላይ ያነሡት እሳቸው ኖረዋል።

«እዪው። የተኮማተረበት ቦታ አለ?»

የለም። እንደተቆረጠ ነው፤ ዘይት ጠጥቶ ጠቁሯል እንጂ ስምንቱም ቀዳዳ ቦታው ነው።

«ታዲያ ለምን ድንጋይ ተሸከሙ?»

«አባትሽ በገዛ እጁ እናቱን እንዳስቀረ ቆጥሮት ነበራ። እኔም ረስቶ ሳያጠብቃቸው ቀርቷል ብዬ ነው። እንዲህ ያለ ነገር ወጣት ይዞት አይኖርም፤ ሸክሙ ይጥለዋል። እኔ ሽማግሌ ነኝ፣ ብዙ ዘመን አልሸከመውም ብዬ ተቀበልኩት።» ድንጋዩን አውርደው ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡት። «የእኔ ውሸት ስለነበረ ቀሎኛል። ይኼ ያንቺው ግን እውነት ነው፣ ይከብዳል። ለእኔ አይደለም የኔ ልጅ፤ ለባለቤቱ አድርሺው።»

መልሰው አንገቴ ላይ ጫኑልኝ። ሲጭኑ እጃቸው ራሴ ላይ ትንሽ ቆየ።

አባቴ ከሥራ በእግሩ መጥቶ ደረጃው ላይ ጫማውን ሲፈታ ደረስኩ። አንድ እግሩ ባዶ፣ አንዱ በጫማ እንደሆነ አየኝ።

«ማን አሸከመሽ?»

«እኔው ነኝ።»

ነገርኩት። እስክጨርስ አላቋረጠኝም። ስጨርስ የጠየቀኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «ለምን?»

«እንድታንጠባጥብ። እንድናገኝህ።»

ይቆጣል ብዬ ጠብቄ ነበር፤ ይማታል ብዬም። ተነሥቶ ድንጋዩን ከአንገቴ አወረደና በአንድ ጫማ እያነከሰ ሄዶ ከዳማ መቆሚያ ሥር መለሰው። ጀርባውን እንደሰጠኝ «ደክሞኛል ትርንጎ» አለ። «ነገ እንነጋገራለን።»

በማግስቱ አልተነጋገርንም። ፋሲካ ደረሰ፣ አለፈ፤ አልተነጋገርንም። ከዳግም ትንሣኤ በኋላ ቢሮው የኢንጂን ዕቃ አስመጥቶ ዳማ ስትጠገን የኔታ ሌላ ብራና ቆረጡላት፤ አባቴም ቁልፉን አውጥቶ ለእኔ ሰጠኝ። «አንዱን ከላይ፣ አንዱን ከታች» አለ። ስምንቱንም እኔ አጠበቅኳቸው። ከዚያ ወዲያ ጧት ሲወጣ «ቡሎኖቹን አየሽልኝ?» ሳይል አይሄድም፤ እኔም ተንበርክኬ አንድ በአንድ ነክቼ «አይቻለሁ» እለዋለሁ። ይቅርታ ይሁን ቅጣት አላወቅሁም። ሁለቱም ይመስለኝ ነበር።

ባጃጇ በረደች። ሾፌሩ በራችን ድረስ አደረሰኝ። የኔታ ካረፉ ቆይተዋል፤ ግቢያቸው ውስጥ አሁን የሰው ጎመን አለ። አባቴ ደረጃው ላይ ፀሐይ እየሞቀ ነበር። ዳማ አጥሩ ሥር ናት፤ ከተነሣች ዓመታት አልፈዋል፤ ሆዷ ውስጥ ጠብታ ዘይት የለም። ድንጋዩ ከመቆሚያዋ ሥር እንዳለ ነው።

ተሳሳምን። ጉንጩ እንደ አሮጌ ቆዳ ሆኗል። ሻንጣዬን ሳላስቀምጥ «እስቲ ሳትገቢ ቡሎኖቹን እዪልኝ» አለኝ።

ተንበረከክሁ። ዝገት ይዟቸዋል፤ አንድ በአንድ ነካኋቸው።

«ስምንቱም አሉ?»

«ስምንቱም አሉ አባዬ።»

«ጠብቀዋል?»

«ጠብቀዋል።»

ወደ ዳማ አያይም፤ ወደ እኔ ነው የሚያየው።

«ቢላሉም ግድ የለም» አለ። «አይዞሽ፣ ከእንግዲህ የትም አልሄድም።»

ያኔ «ነገ እንነጋገራለን» ያለው ነገር ይኸው ነበር። እዚያው እንደተንበረከክሁ ስምንተኛውን ቡሎን እንደገና ነካሁት።